የሠርግ ጥሪ ካርድ በአንድ በግ ዋጋ

ባለፈው ኅዳር ወር ማለቂያ ላይ ከደብረ ወርቅ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋይዋ የታላቅ ወንድሜ ልጅ ናት። እዚያው ከተማ ታስተምራለች፤ እጮኛዋ ደግሞ ቢቸና ውስጥ በጤና ባለሙያነት ይሠራል። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ሰላምታውን ከጨረስን በኋላ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

“ጋሼ፣ የጥሪ ካርዱን እርስዎ አዲስ አበባ ቢያሳትሙልን ብለን ነበር።”

“ስንት ብር ይዛችኋል?” አልኳት።

“የአንድ በግ ዋጋ ነው የያዝነው። ከዚያ ካለፈ ከድግሱ ላይ ይቀነሳል።”

እኔ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ወንድሜ ገበሬ ነው። የመጀመሪያ ልጁን “እንደ ሰው” ለመዳር ከጥማድ በሬዎቹ አንዱን ሊሸጥ አስቦ ነበር። ልጅቷ እምቢ አለች። “አንዱ ተሸጦ ሌላው ብቻውን ምን ሊያርስ ነው? አባቴ በዚህ ዕድሜው መቀናጆ ሊፈልግ ነው?” ብላ ከእጮኛዋ ጋር ወጪውን ከደመወዛቸው ሊሸፍኑ ተስማሙ። በሕግ ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ለሠርግ የተወሰደ ብድር ከሙሽሮቹ ጋር አንድ ቤት ገብቶ፣ ከእነሱ ጋር አብሮ ሲኖር ብዙ ጊዜ አይቻለሁና ሐሳቧን ወደድኩላት። ሥራውንም ተቀበልኩ።

በማግሥቱ የተጠሪዎቹን ስም ዝርዝር ላከችልኝ። 412 ሰው ነው። ዝርዝሩን ይዤ መጀመሪያ የገባሁበት ማተሚያ ቤት 400 ካርድ፣ ባለ ሁለት እጥፍ፣ ወርቃማ ጽሑፍ ያለው፣ ከነሪባኑና ከነፖስታው ስንት እንደሚያወጣ ነገረኝ። ወደ በግ ስመነዝረው ከአራት በግ በላይ ሆነ። (ዋጋውን በብር ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ወረቀቱም ቀለሙም ከውጭ የሚገባ ስለሆነ፣ በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ የዚህ ወር ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አንባቢ አይሆንም። በግም ይወደዳል እንጂ፤ ግን ቢያንስ አብረው ይወደዳሉ።)

እንግዲህ አራት በግ አንድ በግ የሚሆነው እንዴት ነው? ይህን ለማወቅ ሦስት ሳምንት ያህል ከማተሚያ ቤት ማተሚያ ቤት ተንከራትቻለሁ። ያገኘሁትን ለአንባቢ ማካፈሌ፣ በየዓመቱ በታኅሣሥ ወር ብዙ ሰው የሚገባበት ጣጣ ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያ ማተሚያ ቤት ዋጋ የሚያወጣበትን መንገድ መረዳት ያስፈልጋል። ኦፍሴት በሚባለው ማሽን ለማተም ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፕሌት ይሠራል። ፎቶግራፍ ያለበት ባለ ሙሉ ቀለም ካርድ አራት ፕሌት ይፈልጋል። ማሽኑ ተስተካክሎ ቀለሙ እስኪይዝ ድረስ የሚባክን ወረቀትም አለ። ይህ ወጪ 50 ካርድ ቢታተምም 5,000 ቢታተምም ያው ነው። ዲጂታል የሚባለው ግን ፕሌት የለውም። ትልቅ የቢሮ ፕሪንተር ነው ማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያው ካርድም የመቶኛውም ዋጋ እኩል ነው።

ለስሌት እንዲመች ብቻ (የገበያ ዋጋ አይደለም) ኦፍሴቱ ለመነሻ 4,000 ብር፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ካርድ 10 ብር ያስወጣል እንበል። ዲጂታሉ መነሻ የለውም፤ ለአንዱ ካርድ 30 ብር ነው። 100 ካርድ በኦፍሴት 5,000፣ በዲጂታል 3,000 ብር ይሆናል። 200 ካርድ ላይ ሁለቱም 6,000 ብር ሆነው ይገናኛሉ። 400 ካርድ ላይ ኦፍሴቱ 8,000፣ ዲጂታሉ 12,000 ይሆናል። ስለዚህ “የትኛው ይረክሳል?” የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። ሁለት ማተሚያ ቤት ገብቶ የ100ና የ300 ካርድ ዋጋ በሁለቱም ዓይነት ጠይቆ፣ መገናኛ ነጥቡ የት እንደሆነ በወረቀት ላይ ማስላት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የኦፍሴት ባለሙያው “መቶ ጨምሩበት፣ ልዩነቱ እኮ ትንሽ ነው” ይላል። እውነቱን ነው፤ ለእሱ ትንሽ ነው። ለደጋሹ ግን እያንዳንዱ ትርፍ ካርድ ዳስ ውስጥ የሚቀመጥ፣ የሚበላና የሚጠጣ ሰው ነው። ርካሽ ሆኖ የታተመ ካርድ ቤት ውስጥ ተርፎ ሲታይ ደግሞ የሚሰጠው ሰው አይጠፋም። በእኔ ግምት የሠርግን ወጪ ከሚያንሩት ነገሮች አንዱ፣ ካርዱ ሳይሆን የካርዱ ትርፍ ነው።

ስለዚህ ወደ ማተሚያ ቤት ከመመለሴ በፊት ወደ ዝርዝሩ ተመለስኩ። 412 ሰው ማለት 412 ካርድ አይደለም። ባልና ሚስት ለየብቻ ተጽፈዋል፤ አባት ከተጻፈ በኋላ ሦስት ልጆቹ በየስማቸው ተከትለዋል። በቤተሰብ ስናሰባስበው 238 ሆነ። ይህን ያህል ለመቀነስ አንድም ሰው ከሠርጉ ማስቀረት አላስፈለገንም።

ታዲያ በካርዱ ላይ የምትጻፍ አንዲት ቃል ከወረቀቱ በላይ ዋጋ አላት። “ከነባለቤትዎ” ሲባል ሁለት ሰው ነው። “ከነቤተሰብዎ” ሲባል ግን ስንት እንደሆነ የሚያውቀው ተጠሪው ብቻ ነው። የሕግ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ውል ላይ ያልተወሰነ ቃል ሳይ ያሳክከኛል። ለቅርብ ዘመድ “ከነቤተሰብዎ” ይሁን፤ ለሥራ ባልደረባ “ከነባለቤትዎ” ይበቃል። ሁለቱን ቃላት ማተም ደግሞ ሁለት ዓይነት ካርድ ማሳተም አይደለም። ቦታውን ክፍት ትቶ ስሙ ሲጻፍ አብሮ በእጅ መሙላት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከ238ቱ ካርድ የሚያስፈልገው ማን ነው የሚል ነበር። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ልማዴን ትቼ አገሬን ማስታወስ ነበረብኝ። በእኛ አገር ሠርግ የሚጠራው በአፍ ነው። ሰው ቤት ድረስ ይኬዳል፤ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ ይነገራል፤ በሰንበቴና በማኅበር ላይ ይጠራል። ለአንድ የሰባ ዓመት አዛውንት ካርድ በልጅ እጅ መላክ ማክበር ሳይሆን መናቅ ሊሆን ይችላል። “ወረቀት ላከችብኝ፤ እግር የላትም?” ሊሉ ይችላሉ። በመሆኑም 97 ቤተሰብ፣ ማለትም የገጠር ዘመድ፣ ጎረቤትና እድርተኛ፣ በአካል እንዲጠራ ሐሳብ አቀረብኩ።

የሙሽራዋ እናት ግን ተቃወመች። “ለእነ እከሊት ወረቀት ሰጥታ እኔን በባዶ እጇ መጣች ቢሉስ?” አለች። ስጋቷ ተገቢ ነው፤ ቅሬታ የሚመጣው ከማነጻጸር ነውና። የተስማማንበት መፍትሔ ቀላል ነው። አንድ ላይ የሚቀመጡ ሰዎችን አለመለያየት። ከእድሩ ለአንድ ሰው ካርድ ከተሰጠ ለሁሉም ይሰጣል፤ ካልሆነ ለማንም አይሰጥም። ለትምህርት ቤቱ መምህራን ግን ለሁሉም ካርድ ይደርሳል። ይህ ደንብ ከተያዘ በኋላ የእናትየው ጭንቀት ቀለለ። እድርተኛውን ራሷ ዞራ ለመጥራት ወሰነች።

ከቀሩት 141 ቤተሰቦች 41ዱ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ውጭ አገር ያሉ ናቸው። ለእነሱ የካርዱ ምስል በቴሌግራም ይላካል። ስለዚህ በወረቀት የሚታተመው 100 ሆነ። በእጅ ጽሑፍ ለሚበላሽና ለተረሳ ሰው መጠባበቂያ 12 ጨመርን። ከ412 ወደ 112 ወረድን ማለት ነው፤ ገና ስለ ወረቀትና ስለ ቀለም አንድም ቃል ሳንናገር። በዚህ ቁጥር ኦፍሴት አያዋጣም፤ ዲጂታል ተመረጠ።

ለምን 112 እንጂ 110 እንዳልሆነ ልንገራችሁ። ዲጂታል ማሽኖች በብዛት የሚያትሙበት ወረቀት 32 በ45 ሴንቲ ሜትር ነው። ኤ6 የሚባለው መጠን፣ ማለትም 10.5 በ14.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርድ፣ ከአንዱ ወረቀት ስምንት ይወጣል። 112 ካርድ በትክክል 14 ወረቀት ነው። ካርዱ መጽሐፍ መሰል ሆኖ የሚታጠፍ ቢሆን ግን ከአንድ ወረቀት የሚወጣው አራት ብቻ ነው፤ ወረቀቱ 28 ይሆናል፤ የማጠፊያ መስመር ማስደፈቂያም ይጨመራል። ወፍራም ወረቀት መስመሩ ሳይደፈቅለት ከታጠፈ ጀርባው ላይ ይሰነጠቃል። ለመሆኑ በሠርግ ካርድ ውስጥ ምን የሚታጠፍ ነገር አለ? ሁለት ስም፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ ሁለት ስልክ ቁጥር። በአንድ ገጽ ይበቃል።

ፖስታውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ለኤ6 ካርድ ሲ6 የሚባለው ፖስታ፣ 11.4 በ16.2 ሴንቲ ሜትር የሆነው፣ በጽሕፈት መሣሪያ መደብር ተዘጋጅቶ ይሸጣል። አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ ካርድ ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ወረቀት ያባክናል፤ ፖስታውም በተለይ መሠራት ይኖርበታል። አንዳንዴ ፖስታው ከካርዱ ይበልጥ ይወደዳል። ጥቁር ሰማያዊና ወይን ጠጅ ፖስታም አትግዙ፤ በተራ እስክሪብቶ ስም አይጻፍበትም።

ስለ ወረቀቱ ብዙ አልልም። ለማይታጠፍ ካርድ ከ250 እስከ 300 ግራም ያለው ይበቃል። ዋናው ነገር ማንጸባረቁ ነው። የሚያብለጨልጨው አርት ወረቀት ለፎቶግራፍ ያምራል፤ በእጅ የተጻፈ ስም ግን ላዩ ላይ ሳይደርቅ ይቆይና በአውራ ጣት ይፋቃል። ስም በእጅ የሚጻፍ ከሆነ ያልተቀባ ወይም ማት የሚባለውን መምረጥ ይሻላል። በላዩ ሸካራ የሆነው የጌጥ ወረቀት ደግሞ ከዲጂታል ማሽን ጋር ሁልጊዜ አይስማማም፤ ቀለሙ ጎድጓዳው ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። ከመወሰን በፊት አንድ ካርድ አሳትሞ በጣት ማሸት ነው።

የወርቃማ ጽሑፍ ነገር አስቸገረን። ሙሽራዋ ወርቃማ ትፈልጋለች። የከተማዋ ስም ደብረ ወርቅ ሆኖ ካርዱ ወርቅ ባይኖረው ደስ አይልም አለች፤ አባባሏን ወደድኩት። በፎይል የሚታተመው እውነተኛ አንጸባራቂ ወርቃማ ቀለም የራሱ የብረት ማኅተም ተሠርቶለት በሙቀት የሚለጠፍ ነው። ለ112 ካርድ ማኅተሙን ማሠራት ሞኝነት ነው። በስክሪን ማተም ከፎይል ይረክሳል፤ ያም ሆኖ በእጅ የሚሠራ ስለሆነ በትናንሽ ፊደል ላይ ጽሑፉ ይደፈናል። ዲጂታሉ ወርቃማ ብሎ የሚያትመው ደግሞ ከቡናማ የማይለይ ቢጫ ነው። ሦስቱንም ናሙና በስልክ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት።

መልሷ አስገረመኝ። “ጋሼ፣ ይተዉት። እዚህ ቁም ጸሐፊ እያለ ወርቅ ምን ያደርጋል?” አለችኝ።

እንዴት እንደረሳሁት ለራሴም ገረመኝ። ጥንታዊቷ የደብረ ወርቅ ማርያም ባለችበት ከተማ፣ ቅኔና የብራና ጽሕፈት በሚታወቅበት ጎጃም፣ እጁ ያማረ ጸሐፊ አይጠፋም። በጎረቤት ያሉ አንድ መሪጌታ በመቃ ብዕር ስም ሊጽፉልን ተስማሙ። እኔ የተጋባዦቹ ስም በቀይ ይሁን ብዬ ነበር፤ እሳቸው አልተቀበሉኝም። በብራና መጻሕፍት ውስጥ ቀይ ቀለም ለቅዱሳን ስምና ለርዕስ ነው። “ሰው ሁሉ ቅዱስ ነው እንዴ?” አሉ። በመጨረሻ “ለክቡር” እና “ለክብርት” የሚለው በቀይ፣ ስሙ በጥቁር እንዲሆን ተስማማን። ስለዚህ ማተሚያ ቤቱ በክሬም ወረቀት ላይ በጥቁር ብቻ አተመ። በማሽን ሁለተኛ ቀለም መጨመር የሚያስከትለውን ወጪ በአንድ ጠርሙስ ቀይ ቀለምና ለመሪጌታው በተከፈለ የአክብሮት ክፍያ ተካነው። ካርዱን ያዩት የአዲስ አበባ ወዳጆቼ የት እንዳሳተምኩት ጠይቀውኛል።

ቀጥሎ ያለው ክፍል ግን በገንዘብ የሚተመን አይደለም፤ ስሕተት ነው።

በ1992 ዓ.ም. እኔ ራሴ ስዳር ካርዱን ያሳተምኩት አንድ ማተሚያ ቤት ነበር። ስሙን አላነሳም። ሠርጌ እሑድ ጥር 14 ቀን ነበር። ካርዱ ላይ “ቅዳሜ ጥር 14” ተብሎ ታተመ። ማረሚያው ተሰጥቶኝ ፈርሜበታለሁ፤ ያነበብኩት ግን ስሜን ብቻ ነበር። ሰው በታተመ ወረቀት ላይ የሚያነበው የራሱን ስም ነው። ከተጠሪው ገሚሱ ቀኑን አምኖ ቅዳሜ፣ ገሚሱ ቁጥሩን አምኖ እሑድ መጣ። ቅዳሜ የመጡት እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ደረሱ። “ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ” የሚለውን ተረት እኛ ቤት ማንም ሰው በቀልድ አይተርተውም።

ከዚያ ወዲህ የማንንም ካርድ ሳነብ ከታች ወደ ላይ ነው። ቀኑ ከዕለቱ ጋር በካላንደር ይመሳከራል። ሰዓቱ “ከቀኑ 6፡00” ሲባል ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ከጠዋቱ 6 ሰዓት እንዳይመስለው በቴሌግራሙ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ጭምር ይጻፋል፤ ቀኑም እንዲሁ። ስልክ ቁጥሩ እየተደወለ ይረጋገጣል። ስም የሚጻፈው ባለቤቱ እንደሚጽፈው ነው። ኃይሉ በየትኛው “ኃ”፣ ሠናይት በየትኛው “ሠ” እንደሆነ ሙሽራዋ እንጂ የማተሚያ ቤቱ ጸሐፊ አያውቅም።

አንድ ሌላ የፊደል ጣጣም አለ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ በስልካችን የምንጽፈውም በእሱ ነው። ብዙ የማተሚያ ዲዛይነሮች ግን ዛሬም ውብ ሆነው ያገኟቸውን የቀድሞ የፓወር ግዕዝና መሰል ፊደላት ይጠቀማሉ። እናንተ በቴሌግራም የላካችሁት ጽሑፍ ወደዚያ ፊደል ሲለወጥ ወይ ሙሉ በሙሉ ይበላሻል፣ ወይም ዲዛይነሩ እንደገና ይጽፈዋል። እንደገና የተጻፈ ነገር ሁሉ አዲስ ስሕተት ሊኖረው ስለሚችል እንደገና ይነበባል። ማረሚያውን ከሁለት ሰው በላይ፣ ቢቻል ሠርጉን ለማያውቅ ሰው፣ በወረቀት ታትሞ ማስነበብ ነው። በስልክ መስታወት ላይ ያመለጠ ስሕተት በወረቀት ላይ ዓይን ይወጋል።

ስለ ጽሑፉ ይዘት በጨረፍታ ላንሳ። “ልጃችንን ስለምንድር” የሚለው የወላጆች ጥሪ የቆየ ወግ ነው። ሕገ መንግሥቱም ሆነ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ጋብቻ የሚመሠረተው በተጋቢዎቹ ፈቃድ ነው ይላሉ። ካርዱ ላይ ማን ጠሪ ሆኖ ይጻፍ የሚለው ግን የሕግ ጉዳይ አይደለም፤ ወጪውን ማን እንደቻለው የሚናገር ነው። የእኛዎቹ ከብዙ ክርክር በኋላ ወላጆች እንዲጠሩ አደረጉ። ልጅቷ ከራሷ ደመወዝ ደግሳ ጠሪ አባቷን አደረገች። ወንድሜ በሬውን አልሸጠም፤ ስሙ ግን ከላይ ሰፍሯል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ካርድ ማሳተም ውል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2610 እንዲህ ያለውን የሥራ ውል ይለዋል፤ ሠሪው በራሱ ኃላፊነት አንድ የተወሰነ ውጤት ሊያስገኝ፣ አሠሪው ዋጋውን ሊከፍል የሚስማሙበት ነው። ይህ ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ሕግ የለም። ቢሆንም ክርክር ሲነሳ ቃል ከቃል ጋር ይጋጫልና ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ መጻፉ ይጠቅማል። የካርዱ ብዛት፣ መጠኑ፣ የወረቀቱ ግራምና ዓይነት፣ የቀለሙ ቁጥር፣ ፖስታው ይጨመር እንደሆነ፣ ማረሚያ ስንት ጊዜ እንደሚታይ፣ የማስረከቢያው ቀን፣ ዋጋው 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትት እንደሆነ ይጻፍ። የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ “ከታክስ በፊት ነው የነገርኳችሁ” የሚለው ቃል የሚመጣው ሒሳብ ሲከፈል ነውና።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ቀብድ ነው። ብዙዎቻችን ቀብድን የዋጋው ከፊል ክፍያ ብቻ አድርገን እናየዋለን። ሕጉ ግን ከዚያ ያለፈ ትርጉም ሰጥቶታል። በቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። በቁጥር 1885 መሠረት ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ትቶ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ የተቀበለው ወገንም እጥፉን ከፍሎ ማፍረስ ይችላል። እንግዲህ በጥር ወር፣ ሥራ በበዛበት ሰዓት፣ ትንሽ ቀብድ የተቀበለ ማተሚያ ቤት ትልቅ ሥራ ሲመጣለት እጥፉን መልሶ ቢያሰናብታችሁ ሕጉ መንገድ ከፍቶለታል። ይህ እንዲሆን ካልፈለጋችሁ በወረቀቱ ላይ ክፍያው “የዋጋው ቅድሚያ ክፍያ እንጂ ውሉን ለማፍረስ መብት የሚሰጥ ቀብድ አይደለም” ብላችሁ ጻፉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ ስጽፈው የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ፈገግ ብሎ “ጋሼ ዳኛ ነዎት?” አለኝ፤ ፈረመልኝ ግን።

የማስረከቢያው ቀንም ከሠርጉ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይቅደም። የነቢያት ጾም ገና ላይ ሲፈታ፣ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ የዓመቱ ሠርግ አብዛኛው ይከመራል። ማተሚያ ቤቶቹም በታኅሣሥ አጋማሽ መተንፈሻ የላቸውም። በኅዳር የሄደ ይደራደራል፤ ታኅሣሥ 20 የሄደ ግን የተባለውን ይከፍላል።

“ይህ ሁሉ ከምን የመጣ ነው፣ በስልክ መላክ እያለ?” የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ለከተማ ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ በስልክ ይላክ። ደብረ ወርቅ ግን ከደጀን በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማለቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት በብዙ አካባቢዎች ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል፤ መንገድም በየጊዜው ሲዘጋ አይተናል። በዚያን ጊዜ ሠርግ የነበራቸው ዘመዶቻችን በኢንተርኔት ሊልኩት ያሰቡትን ጥሪ በእግረኛ ነው ያደረሱት። ይህን ያየ ቤተሰብ ጥሪውን በአንድ መንገድ ላይ ብቻ አይጥልም። ወረቀት ኔትወርክ አይፈልግም።

የአጭር መልእክትም የራሱ ሒሳብ አለው። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በአማርኛ ግን 70 ብቻ። ከዚያ ካለፈ ተከፋፍሎ ይሄዳል፤ ሒሳቡም በየክፍሉ ነው። ስለዚህ “ከታላቅ አክብሮት ጋር” እያሉ ማስረዘም ሳይሆን ስም፣ ቀን፣ ቦታ ብቻ ጽፎ፣ አክብሮቱን በድምፅ ደውሎ መግለጽ ነው። በቴሌግራም የሚላከውም ፎቶ እንጂ መከፈት የሚጠይቅ ፋይል ባይሆን ይመረጣል። ለካርዱ በተሠራው ዲዛይን ላይ ፊደሉን ብቻ አጉልቶ ማስቀመጥ ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ ዲዛይነሩን መጀመሪያውኑ ጠይቃችሁ በዋጋው ውስጥ አስገቡት።

ካርዶቹ በታኅሣሥ አጋማሽ ደብረ ወርቅ ደረሱ። ወጪው ተደምሮ፣ የመሪጌታውም ክፍያ ገብቶበት፣ ከበጉ አንድ እግር ያህል ተርፏል። በእጅ ሲጻፍ የተበላሸው ሁለት ካርድ ብቻ ነው። ከመጠባበቂያው አንዱን የወሰዱት የሙሽራዋ አያት ናቸው። ማንበብ አይችሉም፤ የልጅ ልጃቸውም ቤታቸው ድረስ ሄዳ በአፍ ጠርታቸዋለች። እሳቸው ግን ጥሪውን ሰምተው ከመረቁ በኋላ “ወረቀቱስ?” ብለው ጠየቁ። መሪጌታው “ለክብርት” የሚለውን በቀይ ጻፉላቸው።

ለእኔ የተጻፈ ካርድ ግን አልነበረም። ስጠይቃት፣ “እርስዎማ በኅዳር በስልክ ተጠርተዋል እኮ” አለችኝ።